ካባው አለ፤ ሕጉስ የት ሄደ?

ያረጀ ልቦለድ ወደ ቴሌቪዥን ሲመጣ መጀመሪያ የሚወራው ስለ ልብሱ ነው። ማስታወቂያው ላይ ካባው ይታያል፣ ፈረሱ ይታያል፣ የሣር ክዳኑ ወይም የድንጋይ ግንቡ ይታያል። ተመልካቹም የሚመዝነው ያንኑ ነው። ጥልፉ የዚያ ዘመን ነው ወይስ ትናንት ከሽሮ ሜዳ የተገዛ? ያ ጫማ በዚያን ጊዜ ነበር? ከተራራው ጀርባ የስልክ ማማ ታየ? ተዋናዩ ክንድ ላይ አንዲት የእጅ ሰዓት ተረስታ ከተገኘች በማግስቱ በየስልኩ ስትዞር ትውላለች።

ይህ ቁጥጥር ክፉ አይደለም፤ ይቀጥል። ትልቁ ጉድለት ግን ብዙ ጊዜ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በድሮ ልቦለድ ውስጥ ያሉትን ሰዎች አስሮ የያዛቸው የዘመናቸው ሕግና ልማድ ነው። መሬቱ የማን ነው? ማን ይወርሳል? ማን ማንን ማግባት ይችላል? ማን ለማን ይገብራል? ማን ማንን «አንተ» ይላል፣ ማንንስ «እርስዎ»? መጽሐፉ ሲታተም አንባቢው ይህን ሁሉ ከቤቱ ያውቀው ነበርና ደራሲው ቁጭ ብሎ ማስረዳት አላስፈለገውም። ከስልሳ፣ ከመቶ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ቴሌቪዥን የሚከፍተው ሰው ግን አያውቀውም። ድራማው ካላሳወቀው፣ ያማረ ልብስ የለበሱ ሰዎች ያለ በቂ ምክንያት ሲያለቅሱ አይቶ ይተኛል።

ስለዚህ ድሮን በሚያሳይ ድራማ ላይ ከሁሉ በፊት መቅረብ ያለበት ጥያቄ «ልብሱ ትክክል ነው?» የሚለው አይደለም። «እነዚህን ሰዎች ያሰራቸው ገመድ ይታያል?» የሚለው ነው።

◾ የእርጥቡ ሸሚዝ ነገር

በዚህ ዓይነት ድራማ ስሙ ቀድሞ የሚነሣው የእንግሊዙ ቢቢሲ ነው። ከሥራዎቹም ብዙ የተወራለት እ.ኤ.አ. በ1995 የቀረበው የጄን ኦስተን «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ነው። ስድስት ክፍል ነበረው፤ ጽሑፉን ያዘጋጀው አንድሩ ዴቪስ፣ ዳይሬክተሩ ሳይመን ላንግተን። ዓለም ከዚህ ድራማ ያስታወሰው አንድ ነገር ነው፦ ኮሊን ፈርዝ የተጫወተው ሚስተር ዳርሲ ኩሬ ውስጥ ዋኝቶ ሸሚዙ ረጥቦ ሲመጣ። ይህ ትዕይንት መጽሐፉ ውስጥ የለም። የዳርሲ ቤት ሆኖ የተቀረጸው ላይም ፓርክ የተባለው ግቢም ከዚያ በኋላ በጎብኚ ተጥለቀለቀ።

እርጥብ ሸሚዝ ብቻውን ግን ስድስት ክፍል አይሸከምም። ድራማውን የተሸከመው ሒሳብ ነው። የሚስተር ቤኔት ገቢ በዓመት 2,000 ፓውንድ ነው። አምስት ሴቶች ልጆች አሉት፤ ወንድ ልጅ የለውም። መሬቱና ቤቱ ደግሞ ለወንድ ዘመድ ብቻ እንዲተላለፍ በሕግ ታስሯል። አባት ዓይኑን በጨፈነ ማግስት ርስቱ ሚስተር ኮሊንስ ለሚባል ሩቅ ዘመድ ይሄዳል፤ እናትና አምስት ልጆች በር ላይ ይቀራሉ። ሚስዝ ቤኔት ልጆቿን ለመዳር ስትራወጥ ያስቃል፤ ነገር ግን በዚያ ቤት ውስጥ ሒሳቡን የሠራችው እሷ ብቻ ናት። ሰውየው በመጽሐፉ ዝም ይላል፣ ያሾፋል፣ ወደ መጽሐፍ ክፍሉ ይገባል።

ሕጉን ያወቀ ተመልካች ኤልሳቤጥ የኮሊንስን ጥያቄ «እምቢ» ስትል ደረቱ ይጠበባል። እምቢ ያለችው አንድ አሰልቺ ቄስ ብቻ አይደለም፤ የእናቷን ቤት ነው። ወዳጇ ሻርሎት በ27 ዓመቷ ያንኑ ሰው በቀናት ውስጥ «እሺ» ስትልም ሞኝነት አይመስልም። ሕጉን ያላወቀ ተመልካች ግን ሁለቱንም እንደ ቀልድ ያልፋቸዋል።

ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ነገሩ ይብሳል። በጎጃምም ሆነ በሌላው ሰሜናዊ አገር በነበረው የርስት ሥርዓት ሴት ልጅ በአባቷም በእናቷም ወገን ርስት የመጠየቅ መብት ነበራት፤ ወንድሞቿ በተግባር ቢገፏትም እንኳ መብቱ አልተካደም። ስለዚህ እዚህ ያደገ ሰው የቤኔትን ልጆች ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ለምን አይወርሱም?» ብሎ ነው። የ1995ቱ ድራማ ጥንካሬ ይህን ጥያቄ ከመጀመሪያው አንሥቶ በእናትየው ምሬት መመለሱ ነው። አስተማሪ ቆሞ አያስረዳም፤ ሴትየዋ በምግብ ጠረጴዛ ላይ ትነጫነጫለች፣ ተመልካቹ ሕጉን ይማራል።

ያም ሆኖ ያ ድራማ ሁሉን አሳይቷል ማለት አይደለም። ኤልሳቤጥ የታመመች እህቷን ለማየት ሦስት ማይል በጭቃ ትሄዳለች፤ ቀሚሷ ጭቃ በጭቃ ይሆናል። ያን ቀሚስ ማን አጠበው? ይህን ጥያቄ ጆ ቤከር የተባለች እንግሊዛዊት ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2013 «ሎንግቦርን» በሚል ልቦለድ አንሥታዋለች፤ ያንኑ ቤት ከገረዶቹ በኩል አሳይታለች። ይህ ዓይነት ድራማ ነጭ ልብስ ይወዳል፤ አጣቢዋን ማሳየት አይወድም።

◾ ሙግት ያስለቀሰው ድራማ

ሕግ በቴሌቪዥን አሰልቺ ይሆናል የሚል ሰው «ብሊክ ሃውስ»ን ይመልከት። የቻርልስ ዲከንስ ልቦለድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1852 እና 1853 በየወሩ እየተቆራረጠ የታተመ። መሠረቱ አንድ የውርስ ሙግት ነው። ጉዳዩ ለትውልድ ሲጓተት፣ ጠበቆች ሲያረጁበት፣ ተከራካሪዎች ሲሞቱበት ኖሮ በመጨረሻ የውርሱ ገንዘብ በሙሉ በክርክሩ ወጪ ያልቃል። የሚወረስ ነገር የለም። ውርሱን ሲጠብቅ ሥራ ያልያዘው ወጣቱ ሪቻርድም አብሮ ያልቃል።

ቢቢሲ ይህን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ ድራማ ሲለውጠው፣ እንደገና በአንድሩ ዴቪስ እጅ፣ አንድ ብልሃት ተጠቀመ። የእሑድ ማታ ረጅም ዝግጅት ማድረጉን ትቶ ከመጀመሪያው በቀር የግማሽ ሰዓት ክፍሎች አደረገው፤ ሕዝቡ ዘወትር ከሚያየው የሠፈር ድራማ ቀጥሎም አቀረበው። ዲከንስ ራሱ አንባቢውን በየወሩ «ቀጥሎስ?» እያሰኘ የጻፈው ነውና ቅርጹ ከመጽሐፉ ጋር ገጠመ። የፍርድ ቤት ሙግት የድራማ ሞተር ሆነ።

ሙግት በሚወደድበት አገር ይህ ታሪክ ማብራሪያ አይፈልግም። መሬት ለማስከበር የተነሣ ሰው መሬቱን ሸጦ ለነገረ ፈጅ ሲከፍል ያላየ ማን ነው? ታሪኩ ለንደን ቢሆንም ተመልካቹ የራሱን ዘመድ ያይበታል። ሕጉ በግልጽ ሲታይ የሩቅ አገር ድራማ እንዲህ ቅርብ ይሆናል። ልብሱ ግን ከቶም የሩቅ አገር ልብስ ነው።

◾ ግማሽ እውነት

ሌላው ምሳሌ ከብራዚል ነው። «ባሪያዋ ኢዛውራ» የቤርናርዶ ጊማራይንስ ልቦለድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1875 ታተመ። ብራዚል ባርነትን በሕግ ያስቀረችው በ1888 ነውና መጽሐፉ ሲወጣ ሥርዓቱ በሕይወት ነበር፤ ደራሲውም የጻፈው ያንን ሥርዓት ለመንቀፍ ነው። ግሎቦ የተባለው ጣቢያ በ1976 ተከታታይ ድራማ አደረገው። ድራማው ከላቲን አሜሪካ እስከ ምሥራቅ አውሮፓና ቻይና ዞረ፤ ሚሊዮኖች አለቀሱበት።

ያለቀሱት ግን ለማን ነው? ኢዛውራ ከባሪያ እናት የተወለደች ብትሆንም መልኳ ነጭ ነው፤ መጽሐፉም እንዲህ አድርጎ ነው የሣላት። ድራማው ካሜራውን በእሷ ፊት ላይ ሲተክል፣ ጥቁሮቹ ባሪያዎች ሸንኮራ ተሸክመው ከበስተጀርባ ያልፋሉ። ተመልካቹ «ይህች ልጅ እንዴት ባሪያ ትሆናለች?» ብሎ ያዝናል፤ «ሰው እንዴት ባሪያ ይሆናል?» ወደሚለው ግን ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። የተፈጸመባት በደል የአንድ ክፉ ጌታ ክፋት ይመስላል። ክፉው ጌታ ሲወድቅ ታሪኩ ያልቃል፤ ሕጉ ግን እንደቆመ ነው።

የዚህ ዓይነት ድራማ ትልቁ ፈተና ይህ ነው። ሥርዓትን ወደ አንድ ክፉ ሰው መቀነስ ይቀላል። ክፉ ሰው ፊት አለው፣ ጢም አለው፣ አለንጋ ይዞ ይቀረጻል። ሥርዓት ግን ፊት የለውም፤ የሚታየው ደግ ሰዎች እንኳ ክፉ ሥራ ሲሠሩ ነው።

◾ ወደ ዲማና ማንኩሳ

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ አይደለም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከታተመ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ሰዉ በልቡ ሲቀርጸው የኖረ መጽሐፍ ነው። በመድረክ፣ በሬዲዮ፣ አሁን ደግሞ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማነት ስሙ ይነሣል። ነገም ሌላ ሰው ይሞክረዋል፤ ደግሞም ይሞከር። የትኛውም ዝግጅት ቢመጣ መመዘኛው ግን አንድ መሆን አለበት።

መጽሐፉን «የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር» ብሎ ማሳጠር ይቻላል፤ ብዙ ሰውም የሚያስታውሰው እንዲያ ነው። ነገር ግን ሁለቱን ማን ለያያቸው? ፊታውራሪ መሸሻ ክፉ አባት ስለሆኑ ብቻ? ሰብለ በወቅቱ ሳትዳር የቀረችው ፈላጊ አጥታ አይደለም። በዘር የሚመጥናት ጠፍቶ ነው። በዛብህም የድሃ ልጅ ብቻ አይደለም፤ እናቱ ለቤተ ክርስቲያን የተሳለችው ልጅ ነው። አንደኛዋን ዘር አስሯታል፣ ሌላውን ስለት። ፊታውራሪ ቢለሰልሱ እንኳ ሁለቱም ገመዶች አልተፈቱም።

ችኩል አዘጋጅ መጀመሪያ የሚቆርጠው የቦጋለ መብራቱንና የውድነሽ በጣሙን ታሪክ ነው። «ዋናው ታሪክ እስኪጀመር ይዘገያል» ይላል። ነገር ግን ስለቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ያ የድሃ ቤት፣ ያ የእናት ፍርሃት ካልታየ፣ ስለቱ እንደ አንድ የሃይማኖት ወሬ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ከዚያ በኋላ በዛብህ ሲጨነቅ ተመልካቹ «ምን ችግር አለው፣ ይተወው» ይላል። በ1958 አንባቢ አፍ ይህ ቃል አይወጣም ነበር፤ ስለት ምን እንደሆነ ያውቃልና።

ባላገሩ «አልገብርም» ብሎ ሲነሣና ፊታውራሪ ጦር አሰልፈው ሲዘምቱ ደግሞ ቴሌቪዥን የሚያየው ፈረስና ጋሻ ነው። ለካሜራ የሚመች ትልቅ ትዕይንት! ግን ጠቡ በምን ላይ ነው? እዚህ ላይ ርስትና ጉልት የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉ። ርስት ገበሬው በአባት በእናቱ የሚይዘው መሬት ነው። ጉልት ግን ከዚያ መሬት ላይ ግብር የመቀበልና የመዳኘት ሥልጣን ነው። ባላባቱ የሚኖረው ሌላው ካረሰው ነው፤ ገበሬውም ልኩ የት ድረስ እንደሆነ ከልማዱ ያውቃል። ልኩ ሲታለፍ ይነሣል። ይህ ካልታየ ጦርነቱ የአንድ ቁጡ ሽማግሌ እብደት ሆኖ ያስቃል። ሐዲስ ያስቃሉ፤ ነገር ግን በሳቁ ውስጥ የሚንቀጠቀጠው ሥርዓቱ ነው።

ልብ ማለት የሚገባው አንድ ቀን አለ። መጽሐፉ በታተመ በዘጠኝ ዓመቱ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፤ የባላባትና የገባር ሥርዓት በሕግ አከተመ። የ1958ቱ አንባቢ መጽሐፉን ሲያነብ ስለ ራሱ ዘመን ሕግ ነው የሚያነበው። ዛሬ 25 ዓመት የሆነው ተመልካች ግን አባቱም ምናልባት ገባር የነበረ ሰው በዓይኑ አላየም። ለእሱ ፊታውራሪ መሸሻ ካባ የለበሰ ሽማግሌ ነው። ካባው ምን ያህል ሰው እንደሚያበላና ምን ያህል ሰው እንደሚያስርብ ድራማው ካልነገረው ማንም አይነግረውም።

ልብስ ራሱ ትርጉም የሚያገኘው ሕጉ ሲታወቅ ነው። ሰብለ ከአባቷ ቤት ወጥታ በዛብህን ፍለጋ ስትሄድ ማንነቷን ሸሽጋ ነው። የባላባት ልጅ፣ ሴት፣ ብቻዋን መንገድ መውጣት እንደማትችል ለሚያውቅ ተመልካች ያ የለበሰችው ልብስ ከካባውም ከጥልፉም ይልቅ ይናገራል።

◾ ከሁሉ የረከሰው መሣሪያ

«ይህ ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋል፤ የኢትዮጵያ አዘጋጅ የቢቢሲ ካዝና የለውም» የሚል መልስ ይመጣል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ገንዘብ የሚበላው ካባው፣ ፈረሱና ግንቡ ነው። ሕጉን ለማሳየት አንድ ምንጣፍና አንድ ኩራዝ ይበቃል። ሦስት ሽማግሌ ተቀምጦ የአንድን ወጣት ዘር ሲቆጥርና አንድ ስም ላይ ሲደርስ ዝም ሲል ማሳየት ስንት ብር ይፈጃል? ገበሬ የግብር ማሩን አስለክቶ «ጎደለ» ሲባል ማሳየትስ?

ከሁሉ የሚረክሰው መሣሪያ ደግሞ ቋንቋው ነው። አማርኛ ማዕረግን በተውላጠ ስም ውስጥ ያስቀመጠ ቋንቋ ነው። «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «አንቱ»፣ «እርስዎ»። አንድ ሰው ትናንት «እርስዎ» ሲለው የኖረውን ሰው ዛሬ «አንተ» ካለው፣ ምንም ሳይሰበር አንድ ትልቅ ነገር ተሰብሯል። የኦስተን ባልና ሚስት እንኳ ሃያ ምናምን ዓመት በትዳር ኖረው «ሚስተር ቤኔት»፣ «ሚስዝ ቤኔት» ነው የሚባባሉት፤ ድራማውም ያንን ጠብቋል። የጎጃም ባላባት ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች የቦሌ ካፌ ጨዋታ የሚመስል አማርኛ ሲናገሩ ከተሰሙ፣ ጥልፉ ስንት ሺህ ብር ቢያወጣም ዘመኑ ጠፍቷል።

የጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬዝ «የመቶ ዓመት ብቸኝነት» እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 በኔትፍሊክስ ሲጀምር ይህ ጉዳይ ታስቦበት ነበር። ደራሲው በሕይወት እያለ መጽሐፉን ለፊልም ለመስጠት ለብዙ ዓመታት ፈቃደኛ አልነበረም። በኋላ ቤተሰቡ ሲፈቅድ ድራማው በስፓኒሽ ተሠራ፤ በኮሎምቢያ ተቀረጸ። የተራኪው ድምፅም አልተጣለም፤ ከሥዕሉ በላይ ሆኖ ይተርካል። መጽሐፉን መጽሐፍ ያደረገው ያ ድምፅ ነውና።

ድምፅ ብቻውን ምን ያህል እንደሚሠራ ለማወቅ ኮሎምቢያ ድረስ መሄድም አያስፈልግም። ወጋየሁ ንጋቱ በደርግ ዘመን በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ ካባ አልነበረውም፤ ፈረስ አልነበረውም፤ ቤትም አልተሠራለትም። አንድ ሰው፣ አንድ ማይክሮፎን። ጉዱ ካሳ ሲናገር በአንድ ድምፅ፣ ፊታውራሪ ሲቆጡ በሌላ። የአንድ ትውልድ ሰው ማንኩሳንና ዲማን ያየው በጆሮው ነው። ደራሲው የጻፈውን ቃል፣ ቃሉ ውስጥ ያለውን አክብሮትና ንቀት፣ ማን ከማን በላይ እንደቆመ ሳያጎድል አስተላልፏልና ሌላው ባይኖርም አልጎደለም። ዛሬም አዲስ ዝግጅት በተሠራ ቁጥር ከዚያ ድምፅ ጋር የሚነጻጸረው በናፍቆት ብቻ አይደለም።

◾ መዝናኛውስ?

«ሰው ማታ ደክሞት ቴሌቪዥን የሚከፍተው ሊዝናና እንጂ የመሬት ሥሪት ሊማር አይደለም» ማለት ይቻላል። ትክክል ነው፤ ማንም ንግግር ለመስማት ድራማ አያይም። ግን አንድ ጨዋታ የሚያጓጓው ሕጉ ሲታወቅ ነው። የእግር ኳስ ሕግ ለማያውቅ ሰው ጎል ሲሻር የሚጮኸው ሕዝብ እብድ ይመስለዋል። የቤኔት እናት፣ የዲከንሱ ሪቻርድና ሰብለ ወንጌልም እንዲሁ ናቸው። ገመዱን ያየ ተመልካች ገመዱ ሲጠብቅ ይተነፍሳል፣ ሲላላ ተስፋ ያደርጋል። ልብ የሚሰቅለው ያ ነው።

«መጽሐፉን ቃል በቃል ካልተከተለ አልተሠራም» የሚል ወገንም አለ። እሱም ልክ አይደለም። የዳርሲ ኩሬ መጽሐፉ ውስጥ የለም፤ መጽሐፉን ግን አልገደለውም። አንድን ትዕይንት መጨመር፣ አንድን ገጸ ባሕርይ ማዋሐድ የሥራው ጠባይ ነው። አዘጋጁ ሊነካው የማይገባው ሰዎቹን ያሰረውን ነገር ነው። እሱን ከፈታላቸው በኋላ የቀሩት የመጽሐፉ ሰዎች አይደሉም፤ ስማቸውን ብቻ የተዋሱ ናቸው።

ጉዳዩ የሚከብደው አንድ ቀላል እውነት ስላለ ነው። ከአሁን በኋላ ብዙ ወጣት እነዚህን ታላላቅ ልቦለዶች መጀመሪያ የሚያገኛቸው በስክሪን ነው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ መጽሐፉን ጨርሶ አይገልጡትም። ለእነሱ ድራማው ራሱ መጽሐፉ ነው። ካባና ፈረስ ብቻ ካዩ፣ ድሮ ያማረ ዘመን ነበር ብለው ይነሣሉ፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ግን ያን ዘመን ያማረ ነው ብለው አልጻፉም። ጉዱ ካሳን የፈጠሩት «ይህ ነገር ልክ አይደለም» የሚል ሰው በዚያ መሐል እንዲቆም ነው። እሱን የአካባቢው አስቂኝ እብድ አድርጎ ማቅረብም ይቻላል፤ ሰዉ ይስቃል፣ ይወዱታልም። መጽሐፉ ውስጥ ግን «ጉዱ» ያሉት የመንደሩ ሰዎች ናቸው። ቀጣዩ አዘጋጅ የልብስ ሰፊውን ከመጥራቱ በፊት ለምን እንዲያ እንዳሉት ቁጭ ብሎ ቢያስብ ሥራው ከግማሽ በላይ ያልቅለታል።